ምጣድ ለአንድ እንጀራ፦ ብርድ፣ አጭር መንገድና የኤሌክትሪክ መኪና ሒሳብ

ባለፈው ጃንዋሪ አንድ ምሽት አክስቴ ደወለችልኝ። እዚህ ሚኒሶታ ውስጥ በየቤቱ እየዞረች አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን ትንከባከባለች፤ በቀን አምስት ስድስት ቤት ታዳርሳለች። የደወለችው ከመኪናዋ ውስጥ ሆና ነው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ መኪናህ መንገድ ላይ ሊያስቀረኝ ነው!» አለችኝ።

መኪናው የእሷ ነው። «መኪናህ» ያለችው «ግዢው» ብዬ የመከርኳት እኔ ስለሆንኩ ነው። ያገለገለ፣ ባትሪው አነስተኛ የሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ አሁን መያዝ የሚችለው 36 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው።

«ምን ይላል እትዬ?»

«27 ማይል ቀረሽ ይላል። ቤቴ ደግሞ 19 ማይል ነው። ባትሪው ግን 55 በመቶ አለው። ግማሹ እያለ እንዴት 27 ማይል ብቻ ይቀረኛል?»

«ማሞቂያው በርቷል?»

«አጥፍቼዋለሁ። ጋቢዬን ደርቤ ነው የምነዳው።»

«መስታወቱስ?»

«ጭጋግ ይዞታል፤ በእጄ እየጠረግኩ ነው።»

ውጪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ጨልሟል፤ አስፋልቱ በረዶ ይዟል። አክስቴ ጋቢ ተከናንባ፣ በአንድ እጇ መሪ ይዛ፣ በሌላው መስታወት እየጠረገች ትነዳለች። ይህን ሁሉ ያስደረጋት ዳሽቦርዱ ላይ ያለ አንድ ቁጥር ነው። «እትዬ፣ ማሞቂያውን አብሪና ወደ ቤትሽ ሂጂ። ከቆመ እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ» አልኳት። አበራችው፤ ሄደች። ቤቷ ስትደርስ ባትሪው ላይ 31 በመቶ ቀርቶ ነበር።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ቁጥር ነው። በእኔ አስተያየት በብርድ ወራት ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የምንሰማው ወሬ አብዛኛው የተዛባው ባትሪው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ሒሳቡን የምንሠራው በተሳሳተ መንገድ ስለሆነ ነው። ሒሳቡን ያዛባው ደግሞ የእኛው ሙያ፣ ሶፍትዌር ነው። ግን ሒሳቡ ሲስተካከል ሌላ የማያስደስት እውነት ብቅ ይላል፤ እሱንም አልደብቅም።

የምጣዱ ነገር

እናታችሁ እንጀራ ስትጋግር አይታችኋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። የመጀመሪያው ሊጥ ከመፍሰሱ በፊት ምጣዱ ለብዙ ደቂቃ መጋል አለበት። አንዴ ከጋለ በኋላ ግን እያንዳንዱ እንጀራ የሚፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው።

አሁን አንድ ሰው ምጣድ ጥዶ አንድ እንጀራ ብቻ ጋግሮ ቢያጠፋው «አንድ እንጀራ ስንት ኤሌክትሪክ ይበላል?» ለሚለው ጥያቄ የሚያገኘው መልስ አስደንጋጭ ይሆናል። ያንኑ መልስ ወስዶ «እንግዲያው 30 እንጀራ የዚህን 30 እጥፍ ይፈጃል» ቢል እናታችሁ ትስቃለች። ምጣዱ 30 ጊዜ አይጋልማ! የሚጋለው አንዴ ነው።

የአክስቴ መኪና ሶፍትዌር ግን የሠራው ይህንኑ ስሕተት ነው። ቀኑን ሙሉ ስድስት ጊዜ «ምጣድ ጥዳ» በየጊዜው አንዳንድ እንጀራ ጋገረች። መኪናው የዕለቱን ፍጆታ በተነዳው ርቀት አካፍሎ «በዚህ አያያዝሽ የቀረሽ 27 ማይል ነው» አላት።

ኮድ ለምትጽፉ ባጭሩ፦ ሶፍትዌሩ የመስመሩን መነሻ ከመስመሩ ተዳፋት ጋር ቀላቅሎታል።

የእኔ መዝገብ

ከዚያ ምሽት በኋላ ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። በመኪናው የምርመራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ርካሽ የብሉቱዝ መሣሪያ ገዛሁ። የባትሪውን ቮልቴጅና ከረንት በየሰከንዱ ያነባል፤ ሁለቱን ማባዛት ኃይሉን በዋት ይሰጣል፤ በጊዜው መደመር ደግሞ የተበላውን ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ለማያውቁት፣ 1 ኪሎዋት ሰዓት ማለት 1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ የሚፈጀው ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ማለዳ፣ መኪናው ሌሊቱን ውጪ አድሯል። አስነስቼው ገና ከቦታው ሳልነቃነቅ ስክሪኑ ላይ 6 ኪሎዋት አየሁ። ጎማው አልዞረም፤ ሁለት ምጣድ የሚያህል ኤሌክትሪክ ግን እየተበላ ነው። ሁሉም ወደ ማሞቂያው ነው የሚሄደው።

የክረምቱን ጉዞዎች ሰብስቤ በፓይተን ቀለል ያለ የመስመር ግጥጥሞሽ ስሠራ ለዚህ መኪና የወጣው ሒሳብ በግርድፉ ይህን ይመስላል፦

የአንድ ጉዞ ፍጆታ = መነሻ + (0.15 ኪሎዋት ሰዓት × ኪሎ ሜትር) + (1.5 ኪሎዋት × ሰዓት)

«መነሻ» የምለው ቀዝቃዛውን መኪና ለማንቃት የሚወጣው ነው፤ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ሁለተኛው መኪናውን ለመግፋት ነው። ሦስተኛው አንዴ የሞቀው መኪና እንዳይቀዘቅዝ በየሰዓቱ የሚከፈል ነው። ቁጥሮቹ የዚህ አንድ መኪናና የዚህ ከተማ ብርድ ናቸው፤ የእናንተ ይለያሉ። የሒሳቡ ቅርጽ ግን አንድ ነው።

ከተማ ውስጥ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ 5 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ ጉዞው 10 ደቂቃ ይፈጃል። መነሻ 1.5፣ መግፊያ 0.75፣ ማሞቂያ 0.25፤ ድምሩ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት። ይህ በ100 ኪሎ ሜትር ሲሰላ 50 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በበጋ ያው መንገድ 15 ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ!

በዚያው ብርድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ሳታቆሙ 50 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ ግን መነሻ 1.5፣ መግፊያ 7.5፣ ማሞቂያ 2.5፤ ድምሩ 11.5። በ100 ኪሎ ሜትር 23 ነው። መኪናው ያው፣ ብርዱ ያው፣ ነጂው ያው። የተለወጠው መነሻው የተከፋፈለበት ርቀት ብቻ ነው።

ወደ አክስቴ ምሽት እንመለስ። ስድስት ጉዞ፣ እያንዳንዱ 6 ኪሎ ሜትር፤ እያንዳንዱ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት። በየደንበኛው ቤት አንድ ሁለት ሰዓት ስለምትቆይ መኪናው በየመሐሉ ይቀዘቅዛል። ድምሩ ለ36 ኪሎ ሜትር 16.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባትሪው ላይ 19.8 ቀርቷል። ሶፍትዌሩ 19.8ን ለ0.45 አካፈለና 44 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 27 ማይል አለ። እውነቱ ግን አንዴ መነሻውን ከፍላ በአውራ ጎዳና ፍጥነት፣ ነፋሱንም ማሞቂያውንም ጨምረን በኪሎ ሜትር 0.23 ብናስብ እንኳ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ሶፍትዌሩ የነገራት የእውነቱን ግማሽ ያህል ነው።

«አሳንሶ መገመት አይሻልም? ሰው መንገድ ላይ ከሚቀር!» የሚሉ አሉ። ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ያስፈራራ ቁጥር ሰውን ያሳስታል፤ አክስቴ ማሞቂያ አጥፍታ በተሸፈነ መስታወት እንድትነዳ ያደረጋት «ጥንቃቄ» የተባለው ግምት ነው። ሁለተኛ፣ ስሕተቱ በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። እሑድ ረጅም መንገድ ነድታችሁ ሰኞ ጠዋት ብትነሡ ያው ሶፍትዌር የእሑዱን ዝቅተኛ ፍጆታ ይዞ ስለሚገምት ለአጫጭር ጉዞ ቀን ከሚገባው በላይ ተስፋ ይሰጣችኋል። ጥንቃቄ ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላ ነበር።

ብርዱ ኤሌክትሪኩን የት ያደርሰዋል?

«ባትሪ በብርድ ይደክማል» ይባላል። እውነትነት አለው፤ ግን ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም።

የአሜሪካው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2019 ያወጣው ጥናት አምስት የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ፈትኗል። ማሞቂያው ሳይበራ መኪናዎቹ በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት ርቀት በአማካይ 12 በመቶ ብቻ ቀነሰ። ማሞቂያው ሲበራ 41 በመቶ ቀነሰ። ልዩነቱን ልብ በሉ። አብዛኛውን የሚወስደው የሰውዬው ሙቀት ነው፤ የባትሪው ድክመት ትንሹ ድርሻ ነው።

ይህም ሆኖ እንዲህ ያሉ ሙከራዎች አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን ያለ ረጅም ዕረፍት እስኪያልቅ ይነዱታል። መነሻው አንዴ ይከፈልና በመቶዎች ኪሎ ሜትር ላይ ይከፋፈላል። የአክስቴን ዓይነት ቀን አያሳዩም። ስለዚህ «40 በመቶ ይቀንሳል» የሚለው ዜና ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ማስጠንቀቂያ ነው፤ በከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ግን ሌላ ጥያቄ የሚመልስ ቁጥር ነው።

የሚገርማችሁ፣ በመኪና ውስጥ ያለውን አየር ማሞቅ ራሱ ምንም ማለት አይደለም። 3 ሜትር ኩብ አየር 4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ በ30 ዲግሪ ለማሞቅ ከ0.05 ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ይበቃል። ሙቀቱን የሚውጡት ወንበሩ፣ መስታወቱ፣ ብረቱና ፕላስቲኩ ናቸው። መስታወት ጭጋግ እንዳይዝ ከውጪ የሚገባው አየርም ሳያቋርጥ መሞቅ አለበት።

ቀጥሎ ባትሪው አለ። 450 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባትሪ በ20 ዲግሪ ለማሞቅ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። መኪናው ይህን ጀምሮት ሳይጨርስ እናንተ ደርሳችሁ ታጠፉታላችሁ። ያ ሙቀት ለውጪው ብርድ ሲሳይ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ሆኖ በኃይል ቻርጅ ከተደረገ ሊጎዳ ስለሚችል መኪናው ፍሬን ስትይዙ መልሶ የሚሰበስበውን ኤሌክትሪክ ይገድባል። በአጭር የከተማ ጉዞ፣ ፍሬን በበዛበት፣ ይህም ይታጣል። መኪናው እግር ሲነሣ እንደ ለመዳችሁት አለመያዙም በበረዶ ላይ ያስደነግጣል፤ ለአዲስ ነጂ አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው።

ነዳጅስ ከብርድ ነጻ ነው?

«የነዳጅ መኪና ሙቀቱ በነጻ ነው» የሚል ወዳጅ አለኝ። በነጻ አይደለም፤ አስቀድሞ ተከፍሎበታል። የነዳጅ ሞተር ከሚያቃጥለው ኃይል አብዛኛውን በሙቀት መልክ ይጥለዋል፤ በጃንዋሪ ብቻ ሳይሆን በኦገስት ጭምር። በብርድ ጊዜ ከሚጥለው ላይ ጥቂት ያካፍለናል፤ እኛም «ነጻ» እንለዋለን።

አጭር መንገድ ላይ ደግሞ እሱም ይቸገራል። የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ፍጆታ መረጃ እንደሚለው፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ላይ መደበኛ የነዳጅ መኪና በከተማ ውስጥ በአንድ ጋሎን የሚሄደው ርቀት ከ25 ዲግሪው ቀን በ15 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ከ3 እስከ 4 ማይል በሆኑ አጫጭር ጉዞዎች እስከ 24 በመቶ ሊወርድ ይችላል። ምክንያቱ ያው ምጣዱ ነው፤ ሞተሩ ሳይግል ደርሳችሁ ታጠፉታላችሁ። የነዳጅ መኪና ግን ይህን በትልቅ ቁጥር ዳሽቦርድ ላይ አይለጥፈውም፤ ማደያም በየመንገዱ አለ። ስለዚህ ማንም አይደነግጥም።

መቶኛው ይጮኻል፣ ገንዘቡስ?

እኔ የራሴ ቤትና የግድግዳ ቻርጀር አለኝ። የኤሌክትሪክ ሒሳቤ በኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ገደማ ነው። ያ «ከሦስት እጥፍ በላይ» ያልኩት የ5 ኪሎ ሜትር ጉዞ ከበጋው ይልቅ የሚያስወጣኝ 1.75 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 26 ሳንቲም። ለ26 ሳንቲም ብሎ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው አላውቅም። ለእኔ ዓይነቱ ሰው መልሱ አጭር ነው፦ አብሩት፣ ይሙቃችሁ።

አሁን የማያስደስተው ክፍል መጣ።

አክስቴ የምትኖረው በኪራይ አፓርታማ ነው። መኪናዋ የሚያድርበት ቦታ ሶኬት የለም። የሚገኘው የሕዝብ ፈጣን ቻርጀር ነው፤ አካባቢያችን ያለው በኪሎዋት ሰዓት 45 ሳንቲም ያስከፍላል። የዚያች ቀን 16.2 ኪሎዋት ሰዓት ለእሷ 7 ዶላር ከ29 ሳንቲም ነው። እኔ ብሆን 2 ዶላር ከ43 ሳንቲም ነበር። ያንኑ 36 ኪሎ ሜትር በተለመደ የነዳጅ መኪና፣ የብርዱን ጉዳት ጨምረን ብናሰላው እንኳ 1 ጋሎን ገደማ ነው፤ ጋሎኑ 3 ዶላር ገደማ በነበረበት ጊዜ።

አዎ፤ በብርድ ወራት፣ በአጫጭር ጉዞ፣ ሶኬት ለሌለው ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ከነዳጅ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። «ግዢው» ስላት ይህን አላሰላሁትም። የበጋውን ሒሳብ፣ ያውም የእኔን ቤት ሒሳብ ነበር ያሳየኋት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

የሚሰጠው ምክርም ጋራዥ ላለው ሰው የተጻፈ ነው። «መኪናው ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ከመነሣታችሁ በፊት አሙቁት» ይባላል። ጥሩ ምክር ነው፤ ግን ምን እንደሚሠራ እንወቅ። መነሻውን አያጠፋውም፤ ከባትሪው ላይ አንሥቶ ወደ ግድግዳው ያዛውረዋል። ርቀት ይጨምርላችኋል፤ የመብራት ቢላችሁ ግን ያው ነው። መኪናውን ገና ካልተነሣችሁ አንድ ሰዓት አስቀድማችሁ ካሞቃችሁት ቢሉ ይጨምራል። በተራ የአሜሪካ የ120 ቮልት ሶኬት የሚሰካ ደግሞ የሚያገኘው 1.4 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ 6 ኪሎዋት የሚጠይቅ ማሞቂያ የጎደለውን ከባትሪው ይወስዳል። ሶኬት የሌለው ሰው እነዚህን አማራጮች አንዱንም አያገኝም።

ኖርዌይን እዩ። ብርድ የማይታማባት አገር ናት፤ በ2024 ከተሸጡት አዲስ የቤት መኪናዎች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። ብርድ ብቻውን የሚያግድ ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ። ለዚህ ነው ሰዎችን የሚለያቸው ቴርሞሜትሩ አይደለም የምለው፤ መኪናው በሚያድርበት ቦታ ሶኬት መኖር አለመኖሩ ነው። አከራያችሁን የምትጠይቁት፣ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የምታነሡት ጥያቄ ካለ እሱ ነው።

ሶኬት ለሌለው ሰው የሚሆን ምክር

ለአክስቴ የነገርኳትን ልንገራችሁ። የመስታወት ማጽጃ ሙቀት አይነካም፤ እሱ የደኅንነት ጉዳይ ነው። የሚቀነሰው ሌላ ነው። የወንበርና የመሪ ማሞቂያ እያንዳንዳቸው ከ50 እስከ 100 ዋት ገደማ ነው የሚስቡት፤ ከሺዎች ዋት ጋር አይወዳደርም። እነሱን አብርቶ የአየሩን ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ብዙ ያተርፋል።

ምጣዱ ከጋለ አይቀር ብዙ ጋግሩ። ገበያም፣ ፖስታ ቤትም፣ ልጅ ማምጣትም ካለ በየሁለት ሰዓቱ ከመነሣት አከታትሎ መጨረስ ነው። አክስቴ የደንበኞቿን ሰዓት መለወጥ አትችልም፤ የራሷን ጉዳይ ግን ሞተሩ፣ ይቅርታ፣ ባትሪው ሳይቀዘቅዝ ትጨርሳለች። ከተቻለ ደግሞ ከመንዳት በኋላ ወዲያው ቻርጅ ማድረግ ይሻላል፤ ባትሪው ሞቅ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይቀበላል። አድሮ በቀዘቀዘ ባትሪ ፈጣን ቻርጀር ላይ መቆም ጊዜም ኤሌክትሪክም ያባክናል።

መኪና ገና ልትገዙ ከሆነ ሂት ፓምፕ እንዳለው ጠይቁ። ተራው ማሞቂያ እንደ ምጣድ ነው፤ 1 ኪሎዋት ወስዶ 1 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል። ሂት ፓምፕ ከውጪው አየር ሙቀት እየሰበሰበ በመጠነኛ ብርድ 2 ወይም 3 ይሰጣል። ብርዱ እየከፋ ሲሄድ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ የሚኒሶታን ጃንዋሪ ብቻውን አይችለውም። ለኖቬምበርና ለማርች ግን ሁነኛ ነው።

አዲስ አበባ ላሉት

የአክስቴ ወንድም ከአዲስ አበባ ደውሎ «በብርድ ግማሹ ይጠፋል የሚሉት እውነት ነው ወይ?» ብሎኛል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ መኪና መግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው፤ ኢንተርኔት ላይ የሚያገኘው መልስ ደግሞ አብዛኛው ከበረዶ አገር የተጻፈ ነው።

የእኔን ሒሳብ ወደ አዲስ አበባ ውሰዱት። ሌሊቱ ቢበርድም ውኃ አይረጋም፤ መኪናውን ለማንቃት የሚከፈለው መነሻ ወደ ዜሮ ይጠጋል። የማሞቂያው ክፍያም አብዛኛውን ቀን የለም። የሚቀረው መግፊያው ብቻ ነው። መኪና ሲጨናነቅ ቆሞ ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር የለም፤ ቁልቁለቱ ላይም ባትሪው ስለማይቀዘቅዝ የሚመለሰውን ኃይል ብርድ አይገድበውም። እኔን ሚኒሶታ ውስጥ የሚቀጣኝ አጭር መንገድ እሱን አዲስ አበባ ውስጥ ይጠቅመዋል። እሱ ሊጨነቅበት የሚገባው መብራት ሲጠፋ የት ቻርጅ እንደሚያደርግና መለዋወጫ ከየት እንደሚያመጣ ነው። ስለ በረዶ የተጻፈውን ይዝለለው።

ለባለሙያዎች

ይህን የምታነቡ ኮድ ጸሐፊዎች ብዙ ናችሁ፤ ስለዚህ የምጠይቀው ከእናንተ ነው። ብዙ መኪናዎች ፍጆታቸውን ለመንዳት፣ ለማሞቂያና ለባትሪ ብለው ዘርዝረው ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹም ያሳያሉ። እንግዲህ ዳታው አለ። የሚጎድለው ለነጂው በሚገባ መልክ ማቅረብ ነው።

እኔ የምፈልገው ስክሪን አንድ «ቀሪ ርቀት» ብቻ አያሳይም። ሁለት ቁጥር ያሳያል፦ «አሁን ሳታቆሙ ብትሄዱ ይህን ያህል፤ እንደ ዛሬው እየቆማችሁ ብትሄዱ ያን ያህል።» ከጎኑም «መኪናውን ባስነሣችሁ ቁጥር የሚወጣው ይህ ነው» ብሎ በገንዘብ ያስቀምጠዋል። የሁለት መስመር ሒሳብ ነው። አክስቴ ያን ምሽት «44 ወይም 80» የሚል አይታ ቢሆን ኖሮ ማሞቂያውን ባላጠፋችው ነበር።

እስከዚያው ትንሿን ፕሮግራም ወደ ስልክ አፕ ቀይሬያታለሁ፤ የሚታየው ሁሉ በአማርኛ ነው። «መነሻ»፣ «መንገድ»፣ «ሙቀት» የሚሉ ሦስት መስመሮች፣ ሥራቸው ላይ ደግሞ ዶላሩ። ቃላቱን የመረጠችው አክስቴ ናት። እኔ የመጀመሪያውን «ቋሚ ወጪ» ብዬው ነበር። «ቋሚ ምንድነው? መነሻ በለው እንጂ» አለችኝ። ተጠቃሚ ሲናገር መስማት ነው።

መኪናውን አልሸጠችውም። አንድ የምትንከባከባቸው አዛውንት ልጅ ግቢያቸው ውስጥ ያለውን ሶኬት እንድትጠቀም ፈቅዶላት፣ የምትከፍለውን ተስማምተው፣ እዚያ በምትቆይበት ሁለት ሰዓት ትሰካዋለች። ጥቂት ነው የምታገኘው፤ ግን ስትነሣ መኪናው ሞቆ ይጠብቃታል። ባለፈው ሳምንት «ስንት ይላል እትዬ?» ብዬ ደወልኩላት። «እሱን ተወው፤ ሞቆኛል» አለችኝ።